ብሮከሩ «ኢንሹራንስህ አይከፍልም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «አሜሪካ ውስጥ አንድ ትራክና አንድ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው) ተጎታች ይዤ በራሴ ኦቶሪቲ (የፌዴራል የማጓጓዝ ፈቃድ) እሠራለሁ። ባለፈው ወር አንድ ብሮከር (የጭነት ደላላ) በዋጋ ከተስማማን በኋላ የመድን ሰርተፊኬቴን ሲያይ ‹ይህ ኩባንያ ክሌይም (የጉዳት ካሳ) አይከፍልም፤ በእሱ ሽፋን ያለ ትራክ አንጭንም› ብሎ ሎዱን (ጭነቱን) ሰረዘብኝ። ወኪሌ ግን ኩባንያው ‹ኤ› ደረጃ ያለው ስለሆነ ወሬ አትስማ ይለኛል። እኔን ያሳሰበኝ፣ ከጥቂት ወራት በፊት የጫንኩት የቀዘቀዘ ድንች የበሩ ሲል (ማሸጊያ ማኅተም) ተሰብሮ በመድረሱ ተቀባዩ አልረከብም ማለቱና ይኸው ኩባንያ ካሳውን አልከፍልም ማለቱ ነው። ያን ሎድ የሰጠኝ ብሮከር ደግሞ ከዚያ በኋላ የሠራሁለትን የሁለት ሎድ ሂሳብ ይዞብኛል። በትክክል የሚከፍለው ኩባንያ የትኛው ነው? አሁኑኑ ልቀይር?»

የኩባንያ ስም አልጠቁምዎትም። ምክንያቱም አንድ ኩባንያ በአንድ ቀን ለሁለት ባለትራኮች በሚሸጣቸው ሁለት የጭነት መድን ውሎች መካከል ያለው ልዩነት፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ኩባንያዎች መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። «የትኛው ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው «ምን ሲደርስብኝ እከፍላለሁ ብሎ ፈርሟል?» የሚለው ከተመለሰ በኋላ ነው። የእርስዎም ሆነ የወኪልዎ መልእክት የሚያሳየው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ እስካሁን ያነሣው ሰው አለመኖሩን ነው።

በወኪልዎ አባባል እንጀምር። የመድን ኩባንያዎችን የሚመዝነው ኤ.ኤም. ቤስት የሚሰጠው የ«ኤ» ደረጃ የሚለካው የኩባንያውን የገንዘብ አቅም ነው፤ ማለትም እከፍላለሁ ያለውን ለመክፈል የሚያስችል ካዝና እንዳለው ያሳያል። የካሳ ጥያቄ ሲቀርብለት ስልክ ያነሣ እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚመልስ፣ ውሉን ለመድን ገቢው ይሁን ለራሱ እንደሚተረጉም ግን ምንም አይናገርም። ስለዚህ ወኪልዎ የነገረዎት እውነት ቢሆንም የብሮከሩን ቅሬታ አይመልስም። ደረጃው የሚጠቅምዎት በሌላ በኩል ነው፤ ብዙ ብሮከሮች በውላቸው ዝቅተኛ ደረጃ ስለሚያስቀምጡ ከዚያ በታች ያለ ኩባንያ ይዘው ከሄዱ ገና ከበሩ ይመለሳሉ።

የብሮከሩ አባባልም ቢሆን በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። ብሮከር ውልዎን አያየውም። የሚያየው ሰርተፊኬቱን ብቻ ነው፤ አኮርድ 25 የሚባለው የተለመደው ቅጽ ደግሞ አናቱ ላይ ለመረጃ ብቻ የተሰጠ መሆኑንና ለያዡ ምንም መብት እንደማያስገኝ በግልጽ ይናገራል። በዚያ ወረቀት ላይ «የጭነት መድን 100,000 ዶላር» የሚል መስመር ይኖራል እንጂ ከዚያ መስመር በስተጀርባ ያሉት የማይሸፈኑ ነገሮች፣ ተቀናሾች (ከካሳው ላይ ባለትራኩ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ) እና ገደቦች አይታዩም። ጉዳት ሲደርስ ብሮከሩ በእጁ የሚገባው የእምቢታ ደብዳቤ ብቻ ስለሆነ በአእምሮው የሚቀረው የኩባንያው ስም ነው፤ ባለትራኩ አረቦን ለመቀነስ ብሎ የተወው ሽፋን በደብዳቤው ላይ ጎልቶ አይታየውም። ሦስት እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች የደረሱት ብሮከር «እነዚህ አይከፍሉም» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈሩ የሚያስገርም አይደለም። በተጨማሪም ብሮከሩ ከመድን ኩባንያው ጋር ውል የለውም፤ ኩባንያው ተጠያቂነቱ በዋናነት ለእርስዎ ስለሆነ ለብሮከሩ ኢሜይል ቶሎ አለመመለሱ ብቻውን የክፉ ባሕርይ ማስረጃ አይሆንም።

ይህ የስም ጉዳይ እንዲህ የጎላበት አንድ ታሪካዊ ምክንያትም አለ። እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ የፌዴራሉ የሞተር ካሪየር ደኅንነት አስተዳደር ለሕዝብ ጭነት የሚያጓጉዙ ካሪየሮች (አጓጓዦች) የጭነት መድን እንዲያስመዘግቡ ያስገድድ ነበር። መጠኑ ትንሽ ነበር፤ በአንድ ተሽከርካሪ 5,000 ዶላር። ነገር ግን ከውሉ ጋር ይያያዝ የነበረው ቢኤምሲ-32 የተባለ ተቀጽላ፣ በውሉ ውስጥ የሚያግድ አንቀጽ ቢኖርም እንኳ ኩባንያው እስከዚያ መጠን ለጭነቱ ባለቤት እንዲከፍል ያደርገው ነበር። ከመጋቢት 2011 ወዲህ ግዴታው ለቤት ዕቃ አጓጓዦች ብቻ ቀርቷል። ዛሬ አጠቃላይ ጭነት የሚጭን ካሪየር የጭነት መድን እንዲኖረው የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ ሳይሆን ብሮከሩ ነው፤ ይዘቱም ሙሉ በሙሉ በውሉ ጽሑፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በሕግ የሚፈለገው ከ10,000 ፓውንድ በላይ ክብደት ላለውና አደገኛ ያልሆነ ጭነት ለሚያጓጉዝ ተሽከርካሪ 750,000 ዶላር የኃላፊነት ሽፋን ነው፤ ከእሱ ጋር የሚያያዘው ኤምሲኤስ-90 ደግሞ መንገድ ላይ የተጎዳውን ሕዝብ የሚጠብቅ እንጂ ጭነትን አይነካም። እንዲያውም ውሉ የማይሸፍነውን አደጋ ኩባንያው በኤምሲኤስ-90 ምክንያት ከከፈለ ገንዘቡን ከእርስዎ መልሶ መጠየቅ ይችላል። «ኤምሲኤስ-90 አለኝ፤ ሁሉም ይሸፈናል» የሚሉ ሹፌሮች አጋጥመውኛልና ይህን አደራ ያስተውሉ።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የተለመደው የትራክ ጭነት መድን ጭነቱን በማናቸውም ምክንያት ከሚደርስበት ጉዳት አይጠብቅም፤ የሚሸፍነው እርስዎ እንደ አጓጓዥ በሕግ ተጠያቂ የሚሆኑበትን ጉዳት፣ ያውም በውሉ ከተዘረዘሩት ገደቦች ውጭ የሆነውን ነው። ገደቦቹ ከውል ውል ይለያያሉ። አንዳንዱ ትራኩ ያለ ጠባቂ ቆሞ የተሰረቀን ጭነት አይከፍልም፤ «ጠባቂ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም ደግሞ የታጠረና የተቆለፈ ግቢ ይጠይቃል እንጂ ትራክ ስቶፕን አይቀበልም። አንዳንዱ በውሉ ስሙ ያልተዘረዘረ ሹፌር ከነዳ ሽፋኑን ይዘጋል። ኤሌክትሮኒክስ፣ መዳብ፣ የአልኮል መጠጥ፣ ትምባሆና የባሕር ምግብ ብዙ ጊዜ ወይ ፈጽመው አይሸፈኑም ወይ ከ100,000 በጣም ያነሰ ጣሪያ ይቀመጥላቸዋል። ራሱን እንደ ትክክለኛ ካሪየር ወይም ተቀባይ አስመስሎ ለመጣ አጭበርባሪ ጭነቱን በፈቃድዎ ካስረከቡ፣ በብዙ ውሎች ዘንድ ያ ስርቆት ተብሎ አይቆጠርም። ይህ የመጨረሻው፣ ሎድ በስውር ከእጅ ወደ እጅ በሚሸጥበት በዚህ ዘመን እጅግ አደገኛ ነው።

ለእርስዎ ዋናው የሪፈር ሽፋን ነው። የማቀዝቀዣ ብልሽት በመሠረታዊው ውል ውስጥ በአብዛኛው የለም፤ በተቀጽላ ይገዛል። ተቀጽላው ሲገዛም ቅድመ ሁኔታ አለው። እኔ ከመድን ኩባንያ ወገን ሆኜ የጭነት ካሳ ጥያቄዎችን በምመረምርበት ጊዜ አንድ ባለ አንድ ትራክ ሰው የጫነው እርጎ በሙሉ ሞቆ ደረሰ። ኮምፕረሰሩ በእውነት ተበላሽቷል፤ ከማሽኑ ያወረድነው የሙቀት መዝገብ ከሌሊቱ በየትኛው ሰዓት መውጣት እንደ ጀመረ በግልጽ ያሳያል፤ ሹፌሩም ነዳጅ አልጨረሰም፣ ሙቀቱንም በትክክል ሞልቷል። ሽፋኑን ገዝቷል። ውሉ ግን የማሽኑ የጥገና መዝገብ በየጊዜው ተይዞ እንዲቀርብ ይጠይቅ ነበር። ሰውየው ማሽኑን በየሁለት ወሩ ያስጠግን እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ መካኒኩ በጥሬ ገንዘብ ስለሚሠራለት ግን አንዲት ደረሰኝ አልነበረችም። ሁለት ሳምንት ፈለግን፤ የተገኘው የአንድ ቀበቶ መግዣ የካርድ ወረቀት ብቻ ነበር። የእምቢታውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም ይከነክነኛል። ያ ሰው ለጓደኞቹ ሁሉ «ያ ኩባንያ አይከፍልም» ብሎ እንደ ተናገረ አውቃለሁ። ደረሰኞቹ በአንድ ፖስታ ውስጥ ቢቀመጡ ኖሮ ያው ኩባንያ ከተቀናሹ በቀር ሙሉውን ይከፍል ነበር።

የእርስዎ የድንች ጭነት ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚያ ላይ ክርክርዎ ጠንከር ያለ ሊሆን ይችላል። የጭነት መድን የሚከፍለው ለአካላዊ ጉዳት ነው። የበሩ ማኅተም (ሲሉ) ተሰብሮ ድንቹ ግን በትክክለኛው ሙቀት፣ ካርቶኑ ሳይነካ ከደረሰ፣ ኩባንያው «ምን ተጎዳ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ብሮከሮች ግን በሬት ኮንፈርሜሽኑ (የሎዱን ዋጋና ሁኔታ በሚያጸድቀው ወረቀት) ላይ «ሲል ከተሰበረ ሙሉው ጭነት እንደ ጠፋ ይቆጠራል» የሚል ሐረግ ማስገባት ልማድ አድርገዋል። እርስዎ ያንን ሲፈርሙ፣ ሕጉ ከሚጥልብዎት የበለጠ ኃላፊነት በውል ተሸክመዋል፤ መድንዎ ደግሞ በሕግ የሚመጣውን እንጂ በፈቃድዎ የጨመሩትን አይሸፍንም። ብዙ ጊዜ ማስፈራሪያ ሆኖ የሚጠቀሰው በእ.ኤ.አ. 2016 የወጣው የምግብ ንጽሕና ማጓጓዣ ደንብ፣ ሲሉ የተሰበረ ጭነት ሁሉ በራሱ የተበከለ ነው አይልም። ስለዚህ የእምቢታ ደብዳቤውን አውጥተው የትኛውን አንቀጽ እንደ ጠቀሰ ያንብቡ። ምክንያቱ «አካላዊ ጉዳት የለም» ከሆነ፣ ያው ደብዳቤ ብሮከሩን የሚከራከሩበት ዋነኛ ማስረጃዎ ይሆናል፤ ኩባንያው በእርስዎ ላይ የቆመ ቢመስልም በዚህ ነጥብ ከእርስዎ ጎን ነው።

እዚህ ላይ በብዙዎች ዘንድ ያለ ትልቅ ስሕተት መታረም አለበት። መድን ኩባንያው አልከፍልም ማለቱ ከዕዳው ነፃ አያወጣዎትም። ከእ.ኤ.አ. 1906 ጀምሮ የሚሠራው ካርማክ የተባለው የፌዴራል ሕግ፣ ከስቴት ወደ ስቴት በሚጓዝ ጭነት ላይ ካሪየሩን ራሱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ጠያቂው ጭነቱ በደኅና መነሣቱን፣ ተጎድቶ ወይም ጎድሎ መድረሱንና የጉዳቱን መጠን ካሳየ በኋላ፣ ካሪየሩ ጥፋተኛ አይደለሁም ማለቱ ብቻውን አይበቃውም። ጉዳቱ ለምሳሌ ከተፈጥሮ አደጋ፣ ከላኪው ጥፋት ወይም ከዕቃው ከራሱ ጠባይ የመጣ መሆኑን ማስረዳት ይኖርበታል። በዚሁ ሥርዓት የጽሑፍ የካሳ ጥያቄ ከደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ መድረሱን ማሳወቅ፣ በ120 ቀን ውስጥ ደግሞ መክፈል፣ አለመቀበል ወይም ቁርጥ ያለ የስምምነት ሐሳብ ማቅረብ አለብዎት። ካልተቀበሉ በጽሑፍና ያለ ማድበስበስ ይጻፉ፤ ጠያቂው ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ ከዚያ ደብዳቤ መቆጠር ይጀምራል፤ ያ ጊዜ በውል ከሁለት ዓመት በታች ሊደረግ አይችልም። ጥያቄውን ለማቅረብም ከዘጠኝ ወር ያነሰ ጊዜ መስጠት አይፈቀድም። ከብሮከሩ ጋር የፈረሙት ውል እነዚህን የካርማክ መብቶች በጽሑፍ አስቀርቶ ሊሆን ይችላልና ውሉን ሳያዩ በእነዚህ ቀኖች ላይ ብቻ አይደገፉ።

የተያዘብዎትን የሁለት ሎድ ሂሳብ በተመለከተ፣ ብሮከሩ የዕቃው ባለቤት እንዳልሆነ ይወቁ። የካሳ ጥያቄው የላኪው ነው፤ ብሮከሩ በስሙ ሊጠይቅ የሚችለው ላኪው መብቱን በጽሑፍ ካስተላለፈለት ወይም እሱ ራሱ ለላኪው ከፍሎ ከሆነ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይህንን ወረቀት ይጠይቁት። ቀጥሎ ከብሮከሩ ጋር የፈረሙትን ውል ይክፈቱ፤ ያልተያያዘ ጭነት ሂሳብ ይዞ ለማቻቻል የሚፈቅድለት አንቀጽ ካለ ገንዘቡን ማስለቀቅ ከባድ ይሆናል፤ ከሌለ ግን ያዋጣል። እያንዳንዱ ብሮከር ማስያዝ ያለበት የዋስትና ቦንድ ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2013 ወዲህ 75,000 ዶላር ነው፤ ቀድሞ 10,000 ነበር። ለዋስትና ሰጪው ማመልከት ይችላሉ፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ያስቡ፦ ያ ገንዘብ ብሮከሩ ላልከፈላቸው ሁሉ የጋራ ነው፣ ጠያቂ ከበዛም ይከፋፈላል፤ በእርስዎ ጉዳይ ደግሞ የካሳ ክርክር ስላለበት ዋስትና ሰጪው ክርክሩ እስኪፈታ ልጠብቅ ሊል ይችላል።

ይህን ሁሉ ስል የኩባንያ ጠባይ የሚባል ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አለ። አጀስተሩ (የኩባንያው የጉዳት መርማሪ) በሳምንት ውስጥ ደውሎ ጭነቱን ከመጣል የሚያድን ገዢ የሚፈልግ ኩባንያ አለ፤ ጭነቱ በስብሶ እስኪያልቅ ደብዳቤ የሚለዋወጥም አለ። ይህን ለመመዘን ከወሬ የተሻለ መንገድ የስቴት መድን ተቆጣጣሪዎች ብሔራዊ ማኅበር የሚያወጣው የቅሬታ መለኪያ ነው፤ 1 ማለት የኩባንያው ቅሬታ ከገበያ ድርሻው ጋር የተመጣጠነ ነው ማለት ሲሆን ከዚያ በላይ ሲሄድ ቅሬታው ከድርሻው ይበዛል። ለትንንሽ ኩባንያዎች ግን ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ስለሚዋዥቅ የአንድ ዓመቱን ብቻ አይመልከቱ፤ የግል መኪናውን ቁጥርም የንግድ ተሽከርካሪ አድርገው አይውሰዱ። ከዚህም በላይ የኩባንያውን ዓይነት ይጠይቁ። «ሪስክ ሪቴንሽን ግሩፕ» የሚባሉት፣ በእ.ኤ.አ. 1986ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት በአባላት የሚቋቋሙት መድን ሰጪዎች ቢከስሩ የስቴቱ የዋስትና ፈንድ አይደርስልዎትም፤ ሰርፕለስ ላይን የሚባሉትም (የስቴቱ መደበኛ ፈቃድ ሳይኖራቸው በልዩ ሥርዓት የሚሸጡት) በአብዛኛው ስቴት እንዲሁ ናቸው። አንዳንድ ብሮከሮች እነዚህን በጅምላ የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው፤ የእርስዎም ኩባንያ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ የብሮከሩ «አይከፍልም» የሚለው ቃል በእውነቱ ይህን ማለቱ ሊሆን ይችላል። ደውለው ይጠይቁት፤ ቢቻል በጽሑፍ እንዲመልስልዎ ያድርጉ።

ኩባንያው በእርግጥ በጉዳይዎ ላይ የሚያጓትት ከሆነ ለስቴቱ የመድን መሥሪያ ቤት ቅሬታ ያስገቡ። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ለጥያቄ በ15 ቀን ምላሽ እንዲሰጥ፣ ማስረጃ ከቀረበ በኋላም በ40 ቀን ውስጥ እንዲቀበል ወይም እንዲከለክል ታዛለች፤ ሌሎች ስቴቶች የየራሳቸው ገደብ አላቸው። መሥሪያ ቤቱ ኩባንያውን በጽሑፍ እንዲመልስ ያስገድደዋል፤ በውሉ ውስጥ የሌለ ሽፋን ግን ሊፈጥርልዎ አይችልም።

አሁኑኑ ልቀይር ወይ ላሉት፣ አይቀይሩ። በዓመቱ መካከል ውል ማቋረጥ ከአረቦኑ ቅጣት ሊያስቀንስብዎ ይችላል፤ የኃላፊነት ሽፋንዎ ሲሰረዝም በፌዴራሉ መዝገብ ላይ ስለሚታይ በአሮጌውና በአዲሱ ውል መካከል አንድ ቀን እንኳ ክፍተት ቢፈጠር ኦቶሪቲዎን አደጋ ላይ ይጥላል። አዲሱ ኩባንያም የጉዳት ታሪክዎን ሪፖርት ማየቱ አይቀርም፤ እልባት ያላገኘ ጥያቄ በላዩ ካለ ዋጋው ይጨምራል። መቀየር የድንቹን ጉዳይም አያስተካክልም፤ ያን የሚይዘው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን የነበረው ኩባንያ ነው።

የምመክርዎት ይህ ነው። ዛሬ ለወኪልዎ ጽፈው ሰርተፊኬቱን ሳይሆን ሙሉውን የጭነት መድን ውል ከነተቀጽላዎቹ ይጠይቁ። የማይሸፈኑ ነገሮች የሚለውን ክፍል ብዕር ይዘው ያንብቡ፤ ያልገባዎትን አንቀጽ ወኪልዎ በኢሜይል እንዲያብራራ ያድርጉ፣ በስልክ የሚነገረውን አይቀበሉ። ውሉ ከሚታደስበት ከሦስት ወር በፊት ከሌላ ወኪል ጋር ጨረታ ይጀምሩ፤ ሲያወዳድሩም አረቦኑን ከማየትዎ በፊት የሪፈር ብልሽት ተቀጽላው ምን ዓይነት መዝገብ እንደሚጠይቅ፣ የቆመ ትራክ ገደብ ሊወጣ ወይም ሊላላ እንደሚችል፣ የሲል መሰበርን የሚሸፍን ተቀጽላ የሚሸጥ እንደሆነ ይጠይቁ። ይህ ተቀጽላ ከተገኘ ዋጋ ቢጨምርም ምግብ ለሚጭን ሰው ይግዙት እላለሁ። ካልተገኘ በሬት ኮንፈርሜሽኑ ላይ ያለውን የሲል ሐረግ ሰርዘው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ያንን ሎድ ይለፉት። የተያዘው ሂሳብና የድንቹ ዋጋ አንድ ላይ ተደምረው ከፍ ያለ ገንዘብ ከሆኑ፣ ለብሮከሩ ከመመለስዎ በፊት የጭነት ሕግ ለሚያውቅ ጠበቃ የእምቢታ ደብዳቤውን፣ ከብሮከሩ ጋር ያለዎትን ውል፣ ሬት ኮንፈርሜሽኑን፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉን (የጭነቱን የመረካከቢያ ሰነድ) እና የማሽኑን የሙቀት መዝገብ በአንድ ላይ ይስጡት። የሙቀት መዝገቡን ማሽኑ በአዲስ መረጃ ሳይደመስሰው በዚህ ሳምንት ያስወርዱት።